የቆርቆሮውን ወተት ለምን እንዳልላክኩልሽ

ናይሮቢ፣ ጥር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታናሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአንቺንና በሆድሽ ያለውን እንግዳ ጤና እጠይቃለሁ። እግርሽ ያብጣል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለቤትሽ እንዴት ነው? እሑድ እሑድ አብረውሽ የሚጸልዩትን፣ ስማቸውን ባልጽፍም ራሳቸውን ያውቃሉና፣ አንድ በአንድ በጌታ ፍቅር ሳሚልኝ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። እንዲያውም ወፍሬአለሁ። እዚህ አገር ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ አለ፣ ኡጋሊ ይሉታል፤ መጀመሪያ ሳየው አፍንጫዬን ነፍቼ ነበር፣ አሁን ግን ማንም ሳይጠራኝ እቀርባለሁ።

ደብዳቤሽን ነጋዴው ኑሬ ከሞያሌ በጨርቅ ጥቅልል ውስጥ ሸሽጎ አመጣልኝ። ይህንንም በእሱው እጅ እልክልሻለሁ። በፖስታ ብልከው እነዚያ ሰዎች ከአንቺ ቀድመው ያነቡታል። እርግጥ ይህ ስለ ጡት የተጻፈ ደብዳቤ ስለሆነ ቢያነቡት ለሚስቶቻቸው ይበጅ ነበር፤ ቢሆንም ይቅርባቸው።

ስድስት ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ላኪልኝ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ምክንያቱንም ጽፈሻል። የእኔ ጡት የመጀመሪያ ልጄን ስለገደለ ይህን ልጅ ከጡቴ አላስጠጋውም፣ አማቴም ትክክል ነሽ ብለውኛል ትያለሽ። እህቴ፣ ይህን ቃል ሳነብ ተቀምጬ ከነበርኩበት ተነሳሁ፤ ተነስቼም የምሄድበት ስላልነበረኝ መልሼ ተቀመጥኩ። አማትሽ ጡቷ መርዝ ነው ያሉት በሐዘን ላይ ሆነው ነው፣ ይረሳል ብዬ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በደረትሽ ተሸክመሽው መኖርሽን አላወቅኩም።

ወተቱን አልላክኩልሽም። ኑሬ ይዞልሽ የሚመጣው ጥቅል ውስጥ ስምንት የሕፃን ጨርቅ ብቻ ነው ያለው። መቆጣት መብትሽ ነው፤ ብቻ ተቆጥተሽ ደብዳቤውን እንዳትቀጂው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ለምን እንዳልላክኩ እንዲገባሽ ስለ አንዲት ሴት ልነግርሽ ይገባል።

እትዬ ኩለሱም ትባላለች። ባሏ ፈድሉ ኢስሊ በሚሉት የነጋዴዎች ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። እሷ ነገሌ ላይ አሥራ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበረች፤ የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ ከባሏ ጋር ተሻግራ እዚህ ቀረች። የትምህርት ወረቀቷን እዚህ ስላልተቀበሏት ሆስፒታል አትሠራም። እሷ ግን ሥራዋን አልተወችም። ኢትዮጵያዊት ወለደች ሲባል ከሰማች፣ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም፣ ሳሙናዋን በቦርሳዋ ይዛ ማታቱ ላይ ትወጣለች። ማታቱ የሚባለው ሰው እንደ ጆንያ የሚጫንበት ታክሲ ነው። ማንም አልቀጠራትም፣ ስለዚህ ማንም ሊያሰናብታት አይችልም።

አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ቁጣዋ ቅርብ ነው። ስትገባ ሰዓቷን ፈትታ እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ በእጅ አትሰጥም። ባል ቁጭ ብሎ ካየች አትወድም። አድነው የሚባለውን፣ አዲስ አበባ የክፍል ኃላፊ የነበረውን ሰውዬ፣ የልጅ ጨርቅ ሲያጥብ ባየሽው! ጎረቤቶቹ ኬንያውያን በአጥር ላይ ተደግፈው ይስቁበት ነበር። እሱም አንድ ቀን ቀና ብሎ፣ እናንተም ተራችሁ ይደርሳል ሲላቸው ሰምቻለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚገርመኝን አሠራሯን ልንገርሽ። እትዬ ኩለሱም አራስን ልጁ ይጠባል ወይ ብላ አትጠይቅም። ይጠባል የማትል እናት የለችም፣ ስለዚህ ጥያቄው ከንቱ ነው ትላለች። እስቲ አጥቢልኝና ልይ ብላ ትቀመጣለች፤ ልጁ ጠግቦ እስኪለቅ ድረስም አትነሳም። ሻይ ቢያቀርቡላት ይቀዘቅዛል። ጆሮዋን ወደ ልጁ ጉሮሮ ታስጠጋና ሲውጥ ታደምጣለች። የእናቲቱን ትከሻ ታያለች፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከተሰቀለ ጡቷን እያመማት ነው፣ ባትናገርም።

ሁለተኛው ደግሞ ገመድ ነው። ለወለደች ሁሉ ከፈድሉ ሱቅ ስምንት ጨርቅ ትሰጥና፣ ሲረጥብ አጥባችሁ ከበር ውጭ ገመድ ላይ አስጡት ትላለች። በሩን ሳታንኳኳ ገመዱን ታያለች። ልጅ ወተት ከጠጣ ይሸናል፣ ካልጠጣ አይሸናም፤ ከአምስተኛው ቀን ወዲያ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጨርቅ ካላረጠበ አንድ ነገር ጎድሏል። እናትየው ብታፍር ገመዱ አያፍርም። የእኛ ሰዎች ግን የሕፃን ልብስ ውጭ ማስጣት ዓይን ይስባል ብለው በር ጀርባ ይሰቅሉት ነበር። ዓይን አናምንም የምንለው ጴንጤዎቹ እንኳ ለማንኛውም ብለን እንሰቅለዋለን። እሷም ስትታረቃቸው፣ ቀን ለእኔ ውጭ ይዋል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለእናንተ ይግባ ብላ ፈረደች። እስከ ዛሬ ሕጉ ይኸው ነው።

እንግዲህ ነውሬን ልንገርሽ። የአድነው ሚስት የውብዳር ባለፈው ነሐሴ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። የሚኖሩት ኪሌሌሽዋ፣ ከአንድ ትልቅ ግቢ ኋላ ባለች የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ዓርብ ወለደች፣ ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጣች። እትዬ ኩለሱም ጨርቁን ሰጥታት፣ ልጁን ደረቷ ላይ አስጠግታላት፣ ለእህቷ ልጅ ሰርግ ሞምባሳ ሄደች። እስከ ሐሙስ አልመለስም፣ አንቺ ስዋሂሊ ትችያለሽ፣ ሰኞ ክሊኒክ ውሰጃትና እስክመጣ አደራ አለችኝ። እኔም ኮራሁ። ላቪንግተን በሚሉት ሰፈር የሀብታም ልጆች አስጠናለሁ፣ ገበያ ላይ ተከራክሬ እገዛለሁ፣ በሁለት ዓመት ስዋሂሊን ጨርሻለሁ ብዬ አምን ነበር። አስተማሪ ምን ጊዜም አስተማሪ ነው፣ አላውቅም ማለት ይከብደዋል።

ሰኞ ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ የልጁን እትብት አየች፣ ደህና ነው አለች። ከዚያ ወደ የውብዳር ዞር ብላ ማዚዋ ኢናኡማ አለቻት። ማዚዋ ወተት ነው፤ በየጧቱ ሱቅ ሄጄ የምገዛው በዚሁ ስም ነው። ኢናኡማ ደግሞ ያማል ማለት ነው፤ ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ነው የተማርኩት። ሁለቱን ደመርኩና፣ ወተቱ ያማል ነው የምትለው አልኳት። የውብዳር ክው አለች። ልጁን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ታዲያ ማንን ሊያም ነው አልኳት። ነርሷ መልስ እየጠበቀች ታየናለች። የውብዳር ዓይኗ እንባ ሞልቶ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ እኔ አመሰገንኩ፣ ነርሷም አይዞሽ ብላ ባለተራውን ጠራች። ወጣን።

አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠርኩት ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። እኛ አገር እንገሩ ይደፋ የለም? ቢጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሆድ ያውካል ሲባል አይደል ያደግነው? የውብዳር ጡት ላይ ገና ቢጫ ነገር ስላየሁ፣ የፈረንጅ ትምህርት የተማረችው ነርስ የአያቶቻችንን ነገር ያጸናችልን መሰለኝ። እስኪጠራ እናልበውና እንድፋው አልኳት። በደንብ አድርጌም አለብኩላት። ለልጁ ውሃ በስኳር፣ አልፎ አልፎም በውሃ የቀጠነ የሱቅ ወተት በማንኪያ ሰጠነው።

ማክሰኞ አለቀሰ። ረቡዕ ማልቀሱን ተወ። እንዴት ደስ እንዳለን! አድነው ተመስገን አለ። እኔ ልጁ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እንዳትቀሰቅሺው አልኳት። የውብዳርም እጇን ሰበሰበች።

ሐሙስ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ኩለሱም ከሞምባሳ ባቡር ወርዳ በቀጥታ መጣች። የሰርግ ቀሚሷን እንደለበሰች ነው፣ የእጇ ሂና ገና ቀይ ነው፣ ለአራሷ ጣፋጭ ይዛለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ስትመጣ አየኋት። ከገመዱ ሥር ስትደርስ ቆመች። ገመዱ ላይ የአድነው ሸሚዝና አንድ የልጅ ጨርቅ ብቻ ነበሩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሌላው ጨርቅ የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ታጥፎ ተቀምጧል፣ አልቆሸሸም እኮ አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያች መልስ የማፍርባት የለኝም።

ታጠበች። ልጁን ገላለጠችው። እርግብግቢቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጎድጉዷል። አፉን ከፈተች፣ ደርቋል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። እኔ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም አልኩ፣ አሁንም አልገባኝም እኮ! እሷም ቀና ሳትል፣ በሰባት ቀኑ ጨዋ የሆነ ልጅ አይቼ አላውቅም፣ ይህ ልጅ የሚያለቅስበት ጉልበት አልቆበት ነው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእሷ ሆነ። አድነውን ትልቁ ግቢ ሄዶ መኪና ያላቸውን ሰዎች እንዲለምን ላከችው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልሸና ሆስፒታል እንሄዳለን፣ ከዚያ በፊት ቢብስም ወዲያው እንሄዳለን፣ ልብሱን አዘጋጂ አለችኝ። የውብዳር ጡት አጋቶ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ሞቅ ባለ ጨርቅ ሸፈነችው፣ በእጇ ቀስ እያደረገች አሸችው፣ በተቀቀለ ብርጭቆ ውስጥም አለበችው። እኔ እንዲደፋ ያዘዝኩትን ወተት! በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች ከምላሱ ሥር ሰጠችው። መጀመሪያ ከከንፈሩ ፈሰሰ። ቀጥሎ አንድ ጊዜ ዋጠ። እኛ ሦስት ሴቶች ትንፋሻችንን ይዘን የአንዲት ጠብታ ድምፅ ስናደምጥ ብታዪን።

የውብዳር ያኔ ነው እያለቀሰች፣ እትዬ፣ ወተቴ እኮ ያማል ተብሏል ያለቻት። ማን አለ ብላ ጠየቀች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የነርሷን ቃል እንዳለ ደገምኩላት። እትዬ ኩለሱም ማንኪያውን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በእነሱ ቋንቋ ማዚዋ ወተትም ነው፣ ጡትም ነው አለችኝ። ጡትሽን ያምሻል ወይ ብላ ነው የጠየቀቻት።

እህቴ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የውብዳር ደግሞ ጡቷ ከቅዳሜ ጀምሮ ያማት ነበር፣ ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ነውር መስሏት አልተናገረችም። ነርሷ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። አዎን ያመኛል ብትላት ኖሮ፣ እስቲ እንዴት እንደምታጠቢ አሳዪኝ ትላት ነበር፤ ልጁ ጫፉን ብቻ እንደሚይዝም ያኔውኑ ታይ ነበር። በመካከል የገባሁት እኔ ነኝ። ያውም ሥራዬ ማገዝ ነበር።

አምስት ሰዓት አለፈ። ወተቱ በማንኪያ ሦስት ጊዜ ተሰጠው። ዓይኑን ትንሽ ገለጠ። እትዬ ኩለሱም መጠቅለያውን ፈታችለት፣ እግሩን ጫር ጫር አደረገችው፣ ሆዱን ከእናቱ ሆድ ጋር አስጠግታ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠበቀች። ሲከፍት ከጡቱ ጫፍ ጋር ጥቁሩንም ጭምር አስገባችለት። የውብዳር ትከሻዋ ወረደ። አያምም፣ አያምም እኮ እያለች ሳቀች። ልጁም ዋጠ። ዋጠ፣ ዋጠ፣ አረፈ፣ እንደገና ዋጠ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው እትዬ ኩለሱም አቅፋው ሳለ የሰርግ ቀሚሷ ላይ ሸናባት። እልል አለች! እኛም እልል አልን፣ አድነው የመኪናውን ሰውዬ ይዞ ሲገባ ምን ሆናችሁ ብሎ ደነገጠ። ሸና ስንለው ጎልማሳው ሰው ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። እትዬ ኩለሱም ግን በዚያ አልተዘናጋችም፤ መኪናው ከመጣ ይጠቅመናል ብላ ሆስፒታል ወስዳ አስመዘነችው፣ ሐኪምም አየው። ቀሚስሽን ልጠብልሽ ብላ የውብዳር ብትለምናት፣ እሷ እቴ፣ ይህ ሽንት አይታጠብም ብላ ለብሳው ሄደች። ልጁ ዛሬ አምስት ወር አልፎታል፤ ክንዱ ላይ በክር የታሰረ ይመስል ጉርድ ጉርድ ያለ ሥጋ አለው፣ ጨዋነቱም ጨርሶ ጠፍቷል።

እኔ በማግስቱ ልሰናበታት ሄድኩ። ከዚህ በኋላ አራስ ቤት አልደርስም አልኳት። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። እንዲያውም ከነገ ጀምሮ አብረሽኝ ትሄጃለሽ አለችኝ። ያልገባሽ ቃል ሲገጥምሽ በጣትሽ አሳይተሽ ጠይቂ፣ ይኼ ነው ወይስ ይኼ በይ፣ ሌላ አልጠይቅሽም አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዋን የምይዘው እኔ ነኝ። ክሊኒክ ስንገባ እንደ ሕፃን በጣቴ ጡቴን እያሳየሁ እጠይቃለሁ። ነርሶቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ከእሷ ጋር ብዙ አይቻለሁ። ኢስሊ ያለችው ራሂማ አንድ ጡቷ ቀልቶ፣ ትኩሳት ይዟት፣ ማጥባት ልታቆም ስትል ደረስን። እትዬ ኩለሱም መድኃኒት ወዳለበት አስወሰደቻት፣ ማጥባቱን ግን አታቁሚ አለቻት፤ ከቆመ ይብሳል፣ ልጁን አይጎዳውም። በሳምንቱ ዳነች። እንዲህ ያለችውን ሴት አለማድነቅ አልችልም። ከጸሎቴ ውስጥ ስሟ አይጠፋም፤ እሷም ለእኔ በራሷ እንደምትጸልይ ነግራኛለች።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ስለ ልጅሽ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ትጠይቀኝ ጀመር። ሲወለድ አለቀሰ ወይ? አዎን፣ ቤቱን አናጋው። እንገሩን ጠባ ወይ? አልጠባም። ማልቀስ ያቆመው በስንተኛው ቀን ነው? በአራተኛው። ጨርቁስ? ደረቅ ነበር። ሁሉንም መለስኩላት፣ አንድም የረሳሁት አልነበረም። በመጨረሻ በአራስነቷ ማን ነበር ያረሳት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ተነሺ፣ ራሂማ ትጠብቀናለች አለችኝ።

እህቴ፣ አራት ዓመት የሰማሽው ስለ ጡትሽ ነው። እኔ የማስታውሰውን ልንገርሽ። ጡትሽ ሞልቶ ቀሚስሽን ያረጥብ ነበር። ወተትሽ ነጭ ነበር፣ ብዙ ነበር፣ ለሁለት ልጅ ይበቃ ነበር። ያረሰችሽ ሴት እንገሩን ሳህን ላይ አልባ ጓሮ ደፋችው። ልጁ ቅቤ ዋጠ፣ ውሃ በስኳር ጠጣ። ከዚያ ዝም አለ፣ ተኛ። አንቺ ሁለት ጊዜ ላንሳው ብለሻል፤ እጅሽን ዘርግተሽ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ፣ ተይው ይተኛ፣ ጨዋ ልጅ ነው ብላ መለሰችሽ። ፊደል የቆጠረች ናት ብለሽ አመንሻት። አማትሽ በለቅሶው ላይ ጡቷ መርዝ ነው ሲሉም ያቺው ሴት አጠገብሽ ተቀምጣ ነበር። አይደለም ማለት ይገባት ነበር። ያኔ ምክንያቱን አታውቅም፣ ጡትሽን ግን በእጇ አልባዋለች፣ ወተትሽን አይታዋለች። ዝም አለች። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

ጡትሽ መርዝ አይደለም። እጅሽም ትክክል ነበር፣ ላንሳው ያልሽው ትክክል ነበር። ይህን ከማንም በላይ አንቺ እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ለአማትሽም ይነበብላቸው፤ እሳቸውም በቅን ልብ ነው የተሳሳቱት።

ይህ ልጅ ሲወለድ ሳይውል ሳያድር ደረትሽ ላይ አድርጊው። ቢጫው ይግባለት፣ አንዲት ጠብታ እንዳትደፊ፣ ቅቤም ስኳርም ከበር ይመለስ። ካመመሽ አትቻይው፤ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂው፣ አፉን በሰፊው ሲከፍት እንደገና አስይዢው። ቢተኛም ቀስቅሰሽ አጥቢው፣ ማንም ተይው ቢልሽ እሺ እንዳትይ፣ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን። ጨርቁን ቀን ቀን ገመድ ላይ አስጪው። ገመዱ ባዶ ሆኖ ከዋለ፣ ወይም ልጁ ዝም ካለ፣ ነገ አትበይ፤ ይዘሽው ወደ ሐኪም ሩጪ። የመንገዱ ሰው ምን ይለኛል እንዳትይ።

ኑሬ በመጋቢት ይመለሳል። ጠባ የሚል አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ፣ ይበቃኛል። ስለ ሌላው መጻፍ ካልቻልሽ አትጻፊ፤ ብትቀየሚም፣ ለዘላለም ብትቀየሚም፣ አልፈርድብሽም።

ጌታ በሰላም ያገላግልሽ። በደረትሽ ያለውን ያብዛልሽ፣ የልጅሽን ድምፅ ከቤትሽ አያጥፋ፤ እስኪሰለችሽ ያልቅስልሽ፣ እስኪታክትሽ ጨርቅ እጠቢ። ባለቤትሽን አብሮሽ እንዲያጥብ እህቴ ብላለች በይው።

በዚያ ሳምንት ያረሰችሽ፣

እህትሽ